የአንድ ደቂቃ ፍርድ

እናቴ በሕይወቷ አምርራ የጠላችው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ አስናቀ ይባላል። ደግነቱ አስናቀ የሌለ ሰው ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ጥቂት ዓመታት አገሩን በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጥ በነበረው «ሰው ለሰው» ድራማ ውስጥ አበበ ባልቻ የተጫወተው፣ ገንዘብ የሞላው ርኅራኄ የጎደለው ባለጸጋ ነው። እናቴ እንዝርቷን እያሾረች፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ትረግመው ነበር። «እሳት ይብላህ!» ትላለች፤ ጥቂት ዝም ትልና ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምን ይደረጋል፣ እሱንም የወለደች እናት አለች» ትላለች። እርግማኑንም ምሕረቱንም በአንድ ትንፋሽ።

ያኔ ይህ የእናቴ ነገር ያስቀኝ ነበር። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከወጣሁ ገና አልቆየሁም፤ ድራማ ምን ማለት እንደሆነ ከእናቴ ይልቅ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሠላሳዎቹን አጋምሼ፣ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ በማገኛት ገንዘብ ስኖር ሳስበው ግን፣ ስለ ቴሌቪዥን ያለኝ አስተያየት ሁሉ መነሻው ያቺ የእናቴ ንግግር ሆና አገኘኋት። ነገሩ ወዲህ ነው።

* * *

ሰፈራችን ጉለሌ ነው። ድራማ በሚታይበት ማታ መብራት ከጠፋ ቤቱ ሁሉ ሐዘን ይቀመጣል። ሐዘኑ ግን ከማግስቱ ቡና አያልፍም። ምክንያቱም መብራት ያልጠፋበት ሰፈር እኅት ያለቻት አንዲት ጎረቤታችን ነበረች። ማታውኑ ታሪኩን በስልክ ተቀብላ ታድርና ጠዋት ረከቦት ፊት ቁጭ ብላ ለሁላችንም ታካፍላለች። መቼም አተራረኳ! የተባለውን ብቻ አትነግረንም፤ መባል የነበረበትንም ትጨምርበታለች። ኋላ ያው ክፍል በድጋሚ ሲታይ፣ የእሷ በልጦብን ደራሲውን የታዘብንበት ጊዜ ብዙ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የእኛ አገር የቴሌቪዥን ድራማ እውነተኛ መድረኩ ቴሌቪዥኑ አይደለም፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ሰዓት ነው። ድራማው በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ይታያል፤ የቀሩትን ስድስት ቀናት የምንጫወተው እኛ ነን። ማን አጠፋ? ማን ተበደለ? እሷስ ብትሆን ለምን ዝም አለች? በዚያ መሐል የየራሳችን ጉዳይ ሾልኮ ይገባል። ስለ ባሏ አንዲት ቃል ትንፍሽ የማትል ሴት ስለ ድራማው ባል እንባዋ እስኪመጣ ስትናገር፣ ስለ ማን እንደምታወራ የማያውቅ የለም፤ የሚጠይቃት ግን የለም። የአዳነች ወልደገብርኤል «ገመና» ይታይ በነበረበት ጊዜ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ገመና ሽፋን ይፈልጋል፤ ለሰፈራችን ሴቶች ድራማው ራሱ ሽፋን ሆኖላቸው ነበር።

የወደድኩትንም የታከተኝንም ልናዘዝ። ለሳቅ «ቤቶች»ን የሚያህል አላገኘሁም። ጥላሁን ጉግሳና ባልደረቦቹ በአንድ ቤት ውስጥ የሚያመጡት ቀልድ ማንንም ለይቶ አይመታም፤ ሁሉም በየተራው ይሳቅበታል፣ ሁሉም በየተራው ይስቃል። በአንጻሩ ብዙዎቹ ድራማዎቻችን ሁለት በሽታ አለባቸው። አንደኛው መጎተት ነው። አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ቁልፍ አዙሮ፣ ጥሩንባ ነፍቶ፣ የግቢው በር ተከፍቶለት እስኪገባ ድረስ እኛ አንድ ስኒ ቡና ጠጥተን እንጨርሳለን። ሁለተኛው ቪላ ነው። ድሃውም ሀብታሙም የሚያለቅሰው ያው ሰፊ ሳሎን ውስጥ፣ ያው ሶፋ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የታየውን «እረኛዬ»ን የወደድኩት አንድም ከዚያ ሶፋ ላይ ስላስነሣኝ ነው። አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ የጻፉት ይህ ድራማ ወደ ገጠር ይዞን ወጣ። መሬት እንደ መሬት፣ ዝምታም እንደ ንግግር ቦታ ተሰጠው። እናቴ የመጀመሪያውን ክፍል አይታ ስትጨርስ ያለችው «አፈሩ ሸተተኝ» ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ሂስ እኔ ጽፌ አላውቅም።

በ2008 ዓ.ም. «ቃና» ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን ማሳየት ሲጀምር ደግሞ እናቴ ጓዟን ጠቅልላ ኢስታንቡል ገባች። የአገራችን የጥበብ ሰዎች ያኔ ተቃውሞ ማሰማታቸው ይታወሳል፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። የቱርክ ድራማ አንዱ ክፍል በአገሩ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እሱን ቆራርሶ ቀን በቀን ማቅረብ ይቻላል። በተውሶ ቤት፣ በኪራይ ካሜራ በሳምንት አንድ ክፍል ለማድረስ የሚራወጥ የእኛ ሰው ከዚህ ጋር በምን አቅሙ ይፎካከር? እናቴን ግን የያዛት ሌላ ነገር ነው። የ«ጥቁር ፍቅር» ዑመርና ኤሊፍ ሲነጋገሩ «አማርኛው ከንፈሩን ቀድሞት ሄደ!» እያለች ትስቅባቸዋለች፤ ውበታቸውንም ብዙ አታደንቅም። የወደደችው በየማታው በሰዓታቸው መምጣታቸውን ነው። ልጆቿ እንዲህ አንመጣም፤ እኔም ጭምር።

እንግዲህ ጥሩም ይሁን ደካማ፣ የእኛም ይሁን የሰው አገር፣ ድራማ አንድ የማይነፍገን ነገር አለ፤ እሱም ጊዜ ነው። አስናቀን የሚያህል ክፉ ሰው ለማወቅ እንኳ ዓመታት ተሰጥቶናል። ሲያጠፋም፣ ብቻውን ሲቀመጥም፣ ሲፈራም አይተነዋል። ለዚህ ነው እናቴ ረግማው ስታበቃ የወለደችውን ሴት የምታስበው። ሰውን ለረጅም ጊዜ ያየ ዓይን መፍረድ ቢችል እንኳ መሳለቅ ይከብደዋል።

* * *

አሁን ወደ ውድድሮቹ ልሻገር፤ እዚያ ላይ የምናዘዘው ከበድ ያለ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮጵያን አይዶል» ሲጀመር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያለን ጣቢያ አንድ፣ በግቢያችን ያለው ባለቀለም ቴሌቪዥንም አንድ ነው፤ ባለዳንቴሉ የጎረቤታችን ቴሌቪዥን። ልጆች ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ መደብ ላይ ተደርድረን እናያለን። ከዚያ በፊት ዘፋኝ ማለት ለእኛ ከሰማይ የወረደ ሰው ነበር፤ በድንገት ሊስትሮውም፣ ተማሪውም፣ የቤት ሠራተኛዋም ከዳኞች ፊት ቆመው ሲያዜሙ አየን። ታላቅ ነገር ነበር፤ ዛሬም ታላቅ ነገር ነው እላለሁ። ነገር ግን እኛ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ የምንጠብቀው ጥሩ ድምፅ ያላቸውን አልነበረም። የሚወድቁትን ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ዳኛ ሆኜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንዲት አንደበቷ የሚያዝ የክፍላችንን ልጅ እያዘፈንኩ፣ ገና አፏን ስትከፍት «በቃሽ፣ አላለፍሽም!» እያልኩ ክፍሉን አስቄበታለሁ። ልጅቷም አብራን ትስቅ ነበር። የሳቀች መስሎኝ ነበር።

ይህ የልጅነት ጥፋት ነው ብዬ ባልፈው በወደድኩ። ግን ዲፕሎማዬን ከያዝኩ በኋላም ደገምኩት። ከመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቼ አንዱ በዘፈን ውድድር ማጣሪያ ላይ ስለወደቁ ሰዎች የጻፍኩት የፌዝ ጽሑፍ ነው። አንዱን ተወዳዳሪ ከፍየል፣ ሌላዋን ከተበላሸ ወፍጮ ጋር አመሳስዬ ጻፍኩ። አዘጋጁ ሳቀ፤ አንባቢም ሳቀ። በተከፈለኝ ገንዘብ ጥቁር ጫማ ገዛሁ። ጥሩ ጫማ ነበር፤ ሦስት ክረምት አገለገለኝ።

ውድድሮቹ ግን ከእኔ ጽሑፍ ይሻላሉ። ለምሳሌ አብርሃም ወልዴ ያቋቋመው «ባላገሩ አይዶል» ሲጀመር፣ ሰዉ ሁሉ ረዘመ፣ ተንዛዛ ብሎ ያማው ነበር። እኔ ደግሞ ጸጋው መርዘሙ ነው ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ውድድር አሸናፊ ዳዊት ጽጌ ተሸልሞ ሲቆም፣ ቤታችን ውስጥ እንግዳ ሰው አልነበረም፤ ሲያድግ ያየነው ልጅ ነበር። «ፋና ላምሮት»ንም የምወደው ተወዳዳሪው በሙሉ ባንድ ታጅቦ፣ ሳምንት በሳምንት እየተመላለሰ፣ ዳኞቹ የነገሩትን አርሞ ሲመጣ ስለሚያሳየን ነው። በእንዲህ ያለው ጊዜ ውድድሩ ወደ ድራማ ይጠጋል። ባለፈው ሳምንት ትንፋሽ ያጠራት ልጅ ዛሬ ሐረጉን ሳታቋርጥ ስትዘልቀው፣ እንደ ራሳችን ልጅ ተነሥተን እናጨበጭባለን። የማይጥመኝ የስልክ መልእክቱ ድምፅ ነው። ብዙ ዘመድ፣ ብዙ የስልክ ካርድ ያለው ይቀድማል፤ የድሃ ልጅ በድምፁ አልፎ በሒሳብ ይወድቃል።

ስለ ዳኞችም እውነቱን እንናገር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶቻችን የቆሙት በአምስት አምስት ድምፅ ነው። አምስት ብቻ ሲሆኑ መደበቂያ የለም፤ አንዷ ስትሳት ከሩቅ ትሰማለች። የደነገጠ ሰው ትንፋሹ ያጥራል፤ ትንፋሹ ሲያጥር ሐረጉ መጨረሻ ላይ ድምፁ ይወርዳል። ማጣሪያ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጃቢ መሣሪያ ስለሌለ ተወዳዳሪው መነሻውን የሚይዘው በራሱ ግምት ነው። የፈራ ሰው ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ መሄጃ ያጣል። ስለዚህ ዳኛው በግማሽ ደቂቃ «ከቅኝት ወጥተሃል» ቢል ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ድምፅን በግማሽ ደቂቃ መመዘን ይቻላል። ሰውን ግን አይቻልም፤ ቴሌቪዥኑ የሚያሳየን ደግሞ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ሰውዬውን ነው።

* * *

ይህን ሁሉ ሙዚቃ ያወቅሁት ከታናሽ ወንድሜ ነው።

እናቴ የወሎ ሰው ናት። ጥጥ ስትፈትል አምባሰል ታንጎራጉራለች፤ ቃሉ ሲጠፋባት በዜማው ብቻ ትቀጥላለች። ወንድሜ አምባሰልን የተማረው ከዚያ እንዝርት ሥር ነው። በ2011 ዓ.ም. በሃያ አንድ ዓመቱ ለአንድ የዘፈን ውድድር ማጣሪያ ተሰለፈ። የውድድሩን ስም አልጠቅስም፤ በዚህ ጽሑፍ ስማቸውን ካነሣኋቸው አንዱም አይደለም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ወጥቶ ማታ ተመለሰ። «አላለፍኩም፤ ግን ዘፈኔን ያሳዩታል ብለውኛል» አለን። ፊቱ ላይ የወደቀ ሰው አይታይም ነበር። የእናቱን አምባሰል አገር ሊሰማው ነውና።

በተባለው ማታ እናቴ ፈንዲሻ አፈነዳች። ጎረቤቱ ተጠራ። ያቺ ድራማ ተራኪዋ ጎረቤታችን ከሁሉ ፊት ተቀመጠች። እኔም ከሥራ በጊዜ መጣሁ።

ወንድሜ ታየ። መነሻውን ከፍ አድርጎ ያዘ። ሁለተኛው ሐረግ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። ወዲያው ከዳኞቹ አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሲስቅ ታየ፤ ከሥሩ የአህያ ጩኸት የሚመስል ድምፅ ተጨመረበት። እንደገና የወንድሜ ፊት መጣ፤ ፈገግ ለማለት ይሞክራል። ከዚያ ሌላ ተወዳዳሪ ገባ። ሁሉ ነገር አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ቤቱ ውስጥ ከመደቡ ጥግ አንድ ሳቅ አመለጠ፤ ወዲያው ተዋጠ። ማን እንደሳቀ አልዞርኩም። ብዞር የማየው የራሴን ፊት መስሎ ተሰማኝ፤ ፍየሉም፣ ወፍጮውም፣ ጥቁሩ ጫማም በአንድ ጊዜ ትዝ አሉኝ። ወንድሜ ፈንዲሻውን ለእንግዶቹ አዞረ። «ብሉ እንጂ» አለ። ከዚያ ወጣ።

እናቴ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ አየች። የተከታዩንም፣ የተከታዩንም ልጅ። ሲያልቅ እንዝርቷን አነሣችና «ያም የሳቀው ልጅ» አለች፣ «እሱንም የወለደች እናት አለች። ምን ብላ አየችው ይሆን?»

በማግስቱ ቡና ላይ፣ ማታ ያልነበሩ ሁለት ሴቶች ስለ ወንድሜ ጠየቁ። ሁላችንም አቀረቀርን። ያቺ ጎረቤታችን ግን ስኒውን አስቀመጠችና ጀመረች። «ምን ልበላችሁ!» አለች፤ «መነሻውን ከፍ አድርጎ ሲይዘው ሰዉ ሁሉ ጸጥ አለ። አንዱ ዳኛማ እንባው መጥቶበት አፉን በእጁ ይዞ ቀረ። ያላሳለፉት ለዕድሜው ነው፤ ለከርሞ ና ብለውታል።» ለአንድ ጊዜ እንኳ ዓይኗ አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ሳትናገር ሁለተኛውን ስኒ ሞልታ መጀመሪያ ለእሷ ሰጠቻት።

* * *

እኔ ጋዜጠኛ ነኝና ነገሩን ተከታተልኩት። ያን ደቂቃ ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ ደጋግሜ አየሁ። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው አንድ ነገር ታየኝ። ወንድሜ ሲዘፍን ከዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ያለው የውኃ ብርጭቆ ሙሉ ነው። ዳኛው ሲስቅ ያው ብርጭቆ ከግማሽ በታች ነው። ወደ ወንድሜ ፊት ስንመለስ እንደገና ሙሉ ነው። እንግዲህ ሳቁ የሌላ ሰዓት ሳቅ ነበር። በማን እንደሳቀ፣ በምን እንደሳቀ አይታወቅም፤ ምናልባትም ባልደረባው ቀልድ ነግሮት ይሆናል። ቅንብሩን የሠራው ሰው ከአንድ ቦታ ቆርጦ ሌላ ቦታ ቀጠለው። እኛም ቤተሰቡ አንድ የማናውቀውን ሰው ባልሠራው ጥፋት ስንጠላ ሰነበትን ማለት ነው። እናቴ ብቻ አልጠላችውም ነበር።

ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። «ታዲያ ምን ይለወጣል፣ እትዬ?» አለኝ። «ድምፄ የተሰነጠቀው እኮ የእውነት ነው።» መልስ አልነበረኝም። ዳኛው በቅኝቱ ላይ የሰጠው ፍርድ ትክክል ነበር፤ እሱን ወንድሜም ተቀብሎታል። ያልተቀበለው አህያዋን ነው።

ስለዚህ አስተያየቴን ላጠቃልል። ውድድሮቹ ይብዙ። ጥብቅ ዳኛ ይኑር፤ የማይችለውን አትችልም ማለት ውለታ እንጂ ነውር አይደለም። ነገር ግን ያለፈው ልጅ አሥር ሳምንት እየተሰጠው፣ የወደቀው አንድ ደቂቃ የሚሰጠው ከሆነ፣ ያቺ ደቂቃ ቢያንስ የራሱ ትሁን። ተወዳዳሪው ገና ሳይዘፍን፣ ወረፋ ላይ ቆሞ የሚፈርማት ወረቀት ፈቃድ አትባልም። ከወደቀ በኋላ «ይህን ብናሳየው ይቀየምሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ይኑር። ምን ቢያስተካክል እንደሚሻለው የነገሩት ነገር ካለ እሱም አብሮ ይታይ፤ የሚማርበት ብዙ ተመልካች አለ። እኛም ተመልካቾች ለአስናቀ የሰጠነውን ትዕግሥት አንድ እጁን እንኳ ለእነዚህ ልጆች እንስጥ። አስናቀ የሌለ ሰው ነው። እነሱ ግን ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሰፈራቸው ውስጥ አሉ፤ በማግስቱ ዳቦ ሊገዙ ይወጣሉ።

የክፍላችንን ልጅ ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም። የፍየሉንና የወፍጮውን ጽሑፍ ግን አሁንም ከሰነዶቼ መካከል አስቀምጬዋለሁ። አዲስ ነገር ልጽፍ ስቀመጥ አንዳንዴ አውጥቼ አየዋለሁ።

ወንድሜ ዛሬ ጋራዥ ይሠራል። መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ ያንጎራጉራል ብለው ባልደረቦቹ ነግረውኛል፤ ቤት ግን አይዘፍንም። ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ እናቴ እንዝርቷን ይዛ አምባሰሏን ትጀምራለች። ልብ ብዬ ስሰማት እንደ ድሮው አይደለችም። መነሻውን ዝቅ አድርጋ ነው የምትይዘው፤ ለእሱ ድምፅ በሚመች ቦታ። ሐረጉ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ጥቂት ዝም ትላለች፤ ከዚያ ብቻዋን ትቀጥላለች።